አንድ ጋቢ፣ አምስት ሰው፦ የቴአትር ልብስ እንዴት ይሰናዳል?

ጎንደር ላይ ቴአትር ለመሥራት የተነሳ ቡድን፣ የትምህርት ቤት ክበብም ይሁን የሰፈር ወጣቶች፣ ልምምዱ ሊያልቅ ሲል አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። «ልብሱን ከየት እናምጣው?» ከዚያ ሩጫ ነው። አንዱ የአያቱን ጋቢ ይዞ ይመጣል። አንዷ የእህቷን የሰርግ ቀሚስ ታመጣለች። ሌላው ለሙሽራ ከሚያከራይ ቤት ወርቅማ ካባ ይከራያል። በመክፈቻው ቀን ድርሰቱ ስለ ድርቅና ስደት ያወራል፣ መድረኩ ላይ የቆመው ግን ሰርገኛ ነው። ተመልካቹ የቱን ይመን?

እኔም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ባለበስኩት ቴአትር ለጌታው የሚያምር ኩታ፣ ለአሽከሩ ያረጀ ጋቢ ሰጠሁና ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ። ትዕይንቱ ተጀመረ። ጌታው ኩታውን እንደ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎታል። አሽከሩ ደግሞ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ጌታው ፊት ተገትሯል። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጎናቸው ላለው ልጅ «ጌትየው የትኛው ነው?» ሲሉት ሰማሁ። ልብሱ ልክ ነበር። አለባበሱን ግን ማንም አላሰበበትም።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው በዚህ ሐሳብ ነው፦ እኛ ዘንድ ጨርቁ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እንዴት እንደተለበሰ ነው። ይህን የያዘ ቡድን በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሰው ማልበስ ይችላል። አሠራሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ድርሰቱን እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ድርሰቱን ሁለት ጊዜ አንብቡ። የመጀመሪያው ንባብ ለታሪኩ ነው። በሁለተኛው ደብተር ክፈቱና ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ ስጡት። በየትዕይንቱ እነዚህን መልሱ፦ ከየት መጣ? ማን ፊት ነው የቆመው? እጁ ምን ይሠራል? ካለፈው ትዕይንት ወዲህ ምን አጣ፣ ምን አገኘ? አንድ ሌላ ጥያቄም እጨምራለሁ፣ ብዙ ሰው አያስበውም፦ ልብሱን ማን ያጥብለታል?

ቀላል ይመስላል፣ ግን አስቡት። ሚስቱ የሞተችበት ገበሬና ሚስት ያለው ገበሬ እኩል ድሃ ቢሆኑም ጋቢያቸው አንድ አይደለም። የአንደኛው ጠርዙ ተተርትሮ ክሩ ተንጠልጥሏል፣ የሰፋለት የለም። የሌላኛው አርጅቷል፣ ግን ተጥፏል፣ ታጥቧል። ተመልካቹ ይህን ቆጥሮ አያየውም። ይሰማዋል። ተዋናዩም ያቺን የተንጠለጠለች ክር በጣቱ መነካካት ሲጀምር ሐዘኑን የሚያሳይበት ነገር አገኘ ማለት ነው።

ከዚያ ለውጡን ፈልጉ። ጎንደር ላይ ብዙዎቻችን መሥራት የምንመኘውን የቴዎድሮስን ታሪክ ልውሰድ። ካሣ በቋራ በረሃ ሽፍታ ነበር፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነገሠ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞተ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ካባ አልብሰን እናወጣዋለን። ገና በመጀመሪያ ንጉሥ ከመሰለ በኋላ ምን ሊሆን ነው? በዘመኑ ያዩት ሰዎች ደግሞ ከነገሠም በኋላ አለባበሱ ቀላል እንደነበር ጽፈዋል። እኔ ብሆን አንድ ጋቢ እሰጠውና እስከ መጨረሻው እንዲሸከመው አደርጋለሁ። በረሃ ላይ አቧራ የጠጣ፣ ወገቡ ላይ የታሰረ። ሲነግሥ ታጥቦ ነጥቶ ከካባው ሥር የሚታይ። መቅደላ ላይ ካባው ይወልቅና ያው ጋቢ ብቻውን ይቀራል። ይህን ለመሥራት ሁለት ተመሳሳይ ጋቢ ይበቃል፣ አንዱ የቆሸሸ፣ አንዱ ንጹሕ።

2. ዘመኑን ለዩት

ፋሲል ጎንደርን መቀመጫው ካደረገበት 1628 ዓ.ም. እስከ ጣልያን ወረራ 1928 ዓ.ም. ድረስ 300 ዓመት አለ። እኛ ሁሉንም «የድሮ ልብስ» ብለን በአንድ ሻንጣ እንከተዋለን። የፋሲል ወታደር ተፈሪ ሱሪ ለብሶ አይቻለሁ። ስሙ ራሱ ይናገራል እኮ፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሱሪ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ደንገጡሮችም አሁን ገበያ ላይ ባለው በሚያብለጨልጭ ሰው ሠራሽ ክር በተጠለፈ ቀሚስ ሲወጡ አይቻለሁ።

ለማጣራት ሩቅ መሄድ የለባችሁም። ከተማችን ራሷ መዝገብ ናት። የጎንደር ዘመን ሰዓሊዎች የቅዱሳንን ታሪክ ሲስሉ ብዙ ጊዜ ያለበሷቸው በዘመናቸው የሚያውቁትን ልብስ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡና የሰዎቹን ልብስ ብቻ ተመልከቱ። እጅጌው የት ይጠባል? ካባው የት ላይ ይያያዛል? ባለ አበባው ጨርቅ ማን ላይ ነው ያለው? ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሳለችበትን ሥዕል ጠይቁት። ለቴዎድሮስ ዘመን ሴቶች ከመቅደላ የተወሰደው የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ፣ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ነጭ ጥጥ ላይ በሐር የተጠለፈ ነው። እኛ ለንግሥት ሁልጊዜ ከፋይ ካልሆነ እንላለን፣ የእሷ ልብስ ግን መሠረቱ ጥጥ ነበር።

የአርበኞች ዘመን ቀላሉ ነው፣ ፎቶ አለ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአያት ፎቶም ሊኖር ይችላል፣ ጠይቁ። ጎፈሬው፣ ዝናሩ፣ ካኪው፣ ከላይ የተደረበው ጋቢ። ጎንደር የጣልያን የመጨረሻ ምሽግ ነበረች፣ የተለቀቀችው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ጫካ የቆየ አርበኛ ካኪው አዲስ ሊሆን አይችልም።

3. አለባበሱን ከመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ አስገቡት

የጽሑፉ ልብ ይህ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ልበል።

ከቤታችሁ አንድ ያረጀ ጋቢ አምጡ። ልምምድ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት አምጡት፣ መጨረሻ ላይ አይሆንም። ተዋናዮቹን በክብ አስቀምጡና ጋቢው ከእጅ ወደ እጅ ይዙር። እያንዳንዱ ለብሶ ሦስት እርምጃ ይሂድ፣ ሌሎቹ ማን እንደሆነ ይገምቱ።

ጌታውን አልብሱት። ሁለቱም ትከሻ ይሸፈናል፣ ጫፉ ወደ ላይ ወጥቶ አገጩን፣ አንዳንዴም አፉን ይነካል። እጁ ውስጥ ነው፣ አይታይም። የሚሠራለት ሰው ስላለ እጁን ማውጣት አያስፈልገውም። በዚህ አለባበስ ሰው ፈጥኖ መሄድ አይችልም፣ ስለዚህ ተዋናዩ ሳይነገረው ይረጋል።

ያንኑ ጋቢ አውልቁና አሽከሩን አልብሱት። ያደግድግ። ማለትም ከትከሻው ያውርድና ወገቡ ላይ ይሰር። ትከሻው ይገለጣል፣ እጁ ነፃ ይሆናል፣ ወገቡ ስለታሰረም ሲታጠፍ ይመቸዋል። በበላይ ፊት ማደግደግ የአክብሮት ምልክት ነበር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ የውጭ ተጓዦችም አይተው ጽፈውታል። አሁን አስቡት፣ አሽከሩ በሦስተኛው ገቢር ጌታው ላይ ሲነሳ አንዲት ቃል ከመናገሩ በፊት ከወገቡ ፈትቶ ትከሻው ላይ ቢያደርገው! የአዳራሹ ሽማግሌዎች ከወንበራቸው ይነሳሉ።

ሦስተኛው መንገደኛ ነው። ጋቢው ተጣፍቶ አንዱ ጫፍ ወደ ኋላ ተወርውሯል፣ ቀኝ እጁ ዱላውን ይይዝበታል። አራተኛው በሽተኛ ወይም የደከመው አባት፣ ከራሱ ጀምሮ ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ የሚታይ። ንዳድ የያዘው ሰው ጋቢውን ከውስጥ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዛል፣ ይህን ንገሩት። አምስተኛው ተሳላሚ ነው፣ መስቀለኛ አጣፍቶ ደረቱ ላይ ያመሳቀለ፣ በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን የሚስም።

አምስት ሰው ሆነ። ጋቢው ግን ያው ነው።

ለሴቶቹ ነጠላው ይበልጥ ይናገራል። በዓል ሲሆን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል። ለቅሶ ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣና ፊት አጠገብ ይሆናል። አንዲት ተዋናይት ከገበያ እንደመጣች መርዶ ስትሰማ ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ ብታመጣው ለቅሶው ሳይጀመር ለቅሶ ነው። ሥራ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች ወይም ራሷ ላይ ታስረዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ፈጥና ታወርደዋለች። እነዚህን ከእናቶቻችሁ ተማሩ። እኔ ያወቅሁት ከእናቴ ነው። አንድ ቀን አስቀምጫት «እስቲ እማዬ፣ ለቅሶ ቤት ስትገቢ እንዴት ነው የምትለብሺው?» ብያት ተነስታ አሳየችኝ። ስታሳየኝ ፊቷ ራሱ ተለወጠ። ያን ጊዜ ነው ልብስ ተዋናይን እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ።

4. ጨርቅ ከየት?

መጀመሪያ ቤት። ከዚያ ቅዳሜ ገበያ። ለካባ አዲስ ከፋይ መግዛት አያስፈልግም፣ ያረጀ ወፍራም መጋረጃ ከሩቅ ከፋይ ይመስላል። የወርቅ ጥልፉን ቢጫ ሪባን ወይም በሙጫ የተለጠፈና ወርቅማ ቀለም የተቀባ ገመድ ይሠራዋል። ለጣልያን ወታደርና ለአርበኛ ካኪ ልባሽ ጨርቅ ተራ ገብታችሁ ሱሪና ሸሚዝ ቆፍሩ፣ ኪሱንና አንገቱን ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል። ለቆሎ ተማሪ ደበሎ እውነተኛ የበግ ቆዳ ይሻላል፣ ተዋናዩ ላይ ያለው ክብደትና ሽታ ሌላ ጨርቅ አይሰጠውም። ለጎፈር፣ ማለትም ከአንበሳ ጋማ ለሚሠራው የጀግና የራስ ጌጥ፣ ጸጉር ከፈለጋችሁ ቃጫ ገዝታችሁ አበጥሩት፣ ጥቁር ቡና ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ሲደርቅ በጨርቅ ቀለበት ላይ ስፉት። ከአምስተኛው ረድፍ በኋላ አንበሳ ነው።

ሸማ ስትገዙ ግን ጥጥ መሆኑን አጣሩ። አሁን ገበያው ላይ ጥጥ የሚመስል ሰው ሠራሽ ክር ብዙ ነው። ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይፈርሳል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጠብታ ይቋጥራል። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ቀጥሎ ታያላችሁ። ሰው ሠራሹ ሌላም ችግር አለው፣ መድረክ ላይ ሻማ ወይም ኩራዝ ካለ ቆዳ ላይ ቀልጦ ይጣበቃል። እሳት ባለበት ትዕይንት ጥጥም ቢሆን የተንጠለጠለ ጫፉን ሰብስባችሁ አስሩት።

አንድ ነገር በጥብቅ ልለምናችሁ። የቤተ ክርስቲያን ልብሰ ተክህኖ ለመድረክ አትዋሱ፣ የሚያውቃችሁ ካህን እሺ ቢላችሁም። ጎንደር ውስጥ ነን፣ ተመልካቹ ያውቀዋል፣ ያን ልብስ መድረክ ላይ ሲያይ ታሪኩን መስማት ያቆማል። ለቄስ ገጸ ባሕርይ ነጭ ጥምጥም፣ ጋቢ፣ የእጅ መስቀልና ጭራ ከበቂ በላይ ነው። ለደብተራው ጥምጥሙ ላላ ይበል፣ መቋሚያውን ትከሻው ላይ ያድርገው። የሙስሊም ገጸ ባሕርይ ስታለብሱም፣ የከተማችን የሙስሊሞች ሰፈር አዲስ ዓለም ሄዳችሁ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፣ ከፊልም አትቅዱ። የቤተ እስራኤል ሰው በድርሰቱ ካለም ለየት ያለ ልብስ አትፍጠሩለት። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆነው ከጎረቤታቸው ጋር የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ልብሳቸውም እንደ ጎረቤታቸው ነበር። ልዩነቱን ማሳየት ካስፈለገ በሥራቸው አሳዩት፤ እጅጌው ላይ ጥላሸት ይኑር፣ ጉልበቱ ላይ ጭቃ ይኑር።

5. ነጩን ግደሉት

ይህን የማያውቅ ቡድን ሁሉ ይጎዳል። አዲስ ነጭ ሸማ በመድረክ መብራት ሥር ያበራል። ዓይን ወደ እሱ ይሄዳል፣ የተዋናዩ ፊት ይጨልማል። የመድረክ ነጭ እውነተኛ ነጭ መሆን የለበትም። መፍትሔው ወጥ ቤት ውስጥ አለ።

ለአንድ ነጠላ አምስት ሊትር ውኃ አፍሉ። አምስት ሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል ጨምሩና አሥር ደቂቃ ይንተክተክ። በደንብ አጥሉት፣ ቅጠሉ ከቀረ ነጠብጣብ ያደርጋል። ሸማውን መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ አርጥቡ፣ ደረቅ ጨርቅ ሻዩን ወጥ አድርጎ አይቀበልም። ከዚያ ሙሉ በሙሉ አስጥሙትና በእንጨት እያገላበጣችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። አውጡና እዩ። እርጥብ ሳለ የጠቆረ ይመስላል፣ ሲደርቅ ይፈካል፣ ስለዚህ አትደንግጡ። በጥላ አድርቁት። ለጋቢ ውኃውንም ሻዩንም እጥፍ አድርጉ፣ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ይጠጣል። ሁልጊዜ ግን መጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ ሞክሩ። ሰው ሠራሽ ክር ሻይ አይቀበልም፣ ክብሪቱን ያስቃጠልኳችሁ ለዚህ ነው።

ለድሃው ሰው ደግሞ ከዚህ ማለፍ አለባችሁ። ልብስ የሚያረጀው በዘፈቀደ አይደለም። ጉልበት፣ ክርን፣ አንገት፣ የኪስ አፍ፣ መሬት የሚነካው ጠርዝ ነው የሚያልቀው። እነዚህን ቦታዎች በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሻካራ ድንጋይ ፈትጉ። ዳሩን በመቀስ አትቁረጡ፣ የተቆረጠ ጨርቅ የተቆረጠ ይመስላል፤ በጥፍራችሁ ክሩን ምዘዙት። ከዚያ አመድ በውኃ በጥብጡና በስፖንጅ ከታች ወደ ላይ እየቀነሳችሁ ንኩት። አቧራ ከእግር ይጀምራል፣ ከትከሻ አይጀምርም። ብዙ ሰው ጥቁር ቀለም ይረጭና ጨረስኩ ይላል፣ ውጤቱ መካኒክ ነው።

6. ቀለሙን በመብራቱ ፊት እዩ

አዳራሹ ባለ ቀለም መብራት ካለው ልብሱን ቤት ውስጥ አይታችሁ አትወስኑ። ቀይ መብራት አረንጓዴን ያጠቁራል፣ ሰማያዊ መብራት ደግሞ ቀይን። የጃኖው ቀይ ጥለት ቀን ላይ ባለሥልጣኑን ይለየዋል፣ የሌሊቱ ትዕይንት ሰማያዊ ሲሆን ግን ጥቁር መስመር ይሆናል። ያ ቀይ ለታሪኩ የሚያስፈልግ ከሆነ መብራት የሚሠራውን ልጅ አስቀድማችሁ አናግሩት፣ ትንሽ ነጭ ይጨምርበት። ደጅ በቀን የምትጫወቱ ከሆነ ይህ አያሳስባችሁም፣ ፀሐዩ ግን ስፌቱን ሁሉ ያጋልጣል።

ሌላው ርቀት ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ከዚያ ሆናችሁ ሁለቱን ወንድማማቾች መለየት ካልቻላችሁ ልብሱ አልሠራም። ጥልፉ ከዚያ አይታይም፣ የሚታየው ቅርጹ ነው። አንዱን በበርኖስ አስፉት፣ ሌላውን በእጀ ጠባብና በድግ አጥብቡት፣ አለቀ።

7. ይቀመጥበት፣ ይስገድበት፣ ይጨፍርበት

ተዋናዩ ቆሞ ብቻ የተለካ ልብስ መድረክ ላይ ይቀደዳል። ተዋናዩ ልብሱን ለብሶ ይቀመጥ፣ ይንበርከክ፣ ይውደቅ፣ እጁን ወደ ሰማይ ያንሳ። ጎንደር ላይ ደግሞ እስክስታ የሌለበት ቴአትር ጥቂት ነው፣ ትከሻውን ይምታበት። በብብቱ ሥር ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ብታስገቡበት እጅጌው ሳይጎትት ይነሳል። እጀ ጠባብ ስታሰፉ ይህን ለልብስ ሰፊው አስቀድማችሁ ንገሩት።

በፍጥነት የሚቀየር ልብስ ካለ ቁልፎቹን ከላይ ለመልክ ሰፍታችሁ ከሥር መንጠቆ ወይም ዚፕ አድርጉ። ቬልክሮ ፈጣን ነው፣ ግን ሲላቀቅ ይጮኻል። ጸጥ ባለ ትዕይንት አጠገብ አትጠቀሙበት። ልብሱን የሚያቀብል አንድ ሰው መድቡ፣ እሱም ልምምድ ያድርግ። መጀመሪያ የሚለበሰው ከላይ ይደርደር። ትከሻ ላይ ጋቢው የሚንሸራተትበት ተዋናይ ካለ ከውስጥ በመርፌ ቁልፍ ያዙለት፣ ግን በአንድ ቦታ ብቻ፣ ሁለት ቦታ ከያዛችሁት እንደ ሰው ለብሶት አይታይም።

8. ራስና እግር

በአጭሩ ልለፈው። ልጃገረድ ጋሜ፣ ያገባች ሴት ሹሩባ፣ አርበኛ ጎፈሬ። የአገር ቤት አሮጊት ከሆነች አንገቷ ላይ ንቅሳት በጥቁር አረንጓዴ የቅንድብ እርሳስ ሣሉላት፣ ወጣቷ ተዋናይት ወዲያው አንገቷን ቀጥ አድርጋ መያዝ ትጀምራለች። እግር ላይ ግን አትለሳለሱ። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ገበሬ ባዶ እግሩን አውጡት። መድረኩን መጀመሪያ ጥረጉ፣ ምስማር ፈልጉ። ሰዓት፣ የጥፍር ቀለም፣ የዘመኑ ቀለበት፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ፣ እነዚህን የሚሰበስብ አንድ ሳጥን መግቢያው ላይ ይኑር።

9. ከመክፈቻው በፊትና በኋላ

በሙሉ ልብስ የሚደረግ ልምምድ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሁን። በአንደኛው ሁሉም ነገር ይበላሻል፣ ለዚያ ነው የሚደረገው። በሁለተኛው ትጠግናላችሁ። በሦስተኛው ልብሱን ትረሱታላችሁ፣ ተዋናዩም ይረሳዋል። ያን ጊዜ ዝግጁ ነው።

በእያንዳንዱ ልብስ አንገት ውስጥ የገጸ ባሕርዩን ስምና የትዕይንቱን ቁጥር በጨርቅ ላይ ጽፋችሁ ስፉ። በጨዋታው ምሽት መርፌ፣ ነጭና ጥቁር ክር፣ መቀስና ሃያ መርፌ ቁልፍ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ከጨዋታው በኋላ ልብሱ እርጥብ ሆኖ ሻንጣ አይግባ፣ ላቡ ይሸታል፣ ሻጋታ ያወጣል። ሌሊቱን ይሰቀል። መታጠብ የማይችለውን ካባ ከውስጥ በኩል አልኮልና ውኃ እኩል ቀላቅላችሁ ርጩበት፣ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩ፣ ከእሳትም ራቁ፣ ሽታውን ይዞት ይሄዳል። ሻይ የጠጣውን ሸማ በበረኪና አትጠቡ፣ ድካማችሁ ሁሉ በአንድ እጥበት ይወጣል።

የተውሶ ልብስ ግን ከዚህ ሁሉ ሥራ ውጭ ነው። ሻይም አመድም አይንካው። ስትቀበሉ ከማን እንደሆነ፣ የት ላይ እንደተቀደደ፣ ጥለቱ ምን ቀለም እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፉ። አንዳንዱ ጋቢ የሟች አባት ጋቢ ነው፣ ሰጪዋ ግን ይህን አትነግራችሁም። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ ጨዋታው ባለቀ ማግስት ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መግቢያ ካርድም ይዛችሁላት ሂዱ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ፊት ወንበር ላይ እንድትቀመጥ።